የሸረሪቷ ዋስ

በዚያ ጠዋት የሠራሁትን ሞኝነት አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። እኔ ካልነገርኳችሁ ባለቤቴ ትርፌ ትነግራችኋለች፤ እሷ ደግሞ ስትናገር ጨው ታበዛለች። ከእንቅልፌ ስነቃ ከቀኝ ጆሮዬ ሥር እስከ ኮሌታዬ ድረስ እሳት የነካው የመሰለ መስመር ተጋድሞብኝ አገኘሁት። ቀልቷል፤ ውኃ የቋጠሩ ትናንሽ አረፋዎች ተደርድረውበታል። መስታወት ፊት ቆሜ እንደ ሐኪም ራሴን ነቀነቅኩና «ሸረሪት ሸንታብኛለች» ብዬ በየንኩ። ከዚያ ማንንም ሳላማክር ፌጦ ወቀጥኩ፣ ሎሚ ጨመቅኩበት፣ በተላጠው አንገቴ ላይ ለጠፍኩት።

ፌጦ በሎሚ ለሆድ ቁርጠት ደግ ነው። ለተላጠ አንገት ግን ምን ልበላችሁ፤ ያን ዕለት በግቢያችን መጀመሪያ የጮኸው አውራ ዶሮው አልነበረም።

ትርፌ ከጓዳ ሮጣ መጣች። «ምን ሆነህ ነው?»

«ሸረሪት ሸናችብኝ።»

አንገቴን ዞር አድርጋ አየችው። «ፌጦውንም የለጠፈችብህ እሷ ናት?»

ነገሩ የሆነው ባለፈው መስከረም፣ እዚሁ ሰቆጣ ነው። ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ወንበር ሳስረክብና ጠረጴዛ ስረከብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከጡረታ በኋላ ግን ሹመት አገኘሁ፤ የሰፈር ሽማግሌ ሆንኩ። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ አጥር ሲገፋ፣ የሰው ፍየል የሰው ጎመን ስትበላ እጠራለሁ። ዝናዬ በፍጥነቴ ነበር። «ንጉሤ ያለበት ሽምግልና ለምሳ ያደርሳል» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ሙገሳ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ፍጥነቴ፣ አንገቴ ገና እየነደደ፣ ለደሳለኝ ደወልኩ። ደሳለኝ የመርጫ በርሜል በጀርባው አዝሎ በየቤቱ ትኋንና ቁንጫ የሚፈጅ ጎልማሳ ነው። «ቅዳሜ ረፋድ እመጣለሁ፣ አያ ንጉሤ» አለኝ። ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ወጣሁና ቤቴ መርዘኛ ሸረሪት እንደገባ፣ ቅዳሜ እንደማስረጨው፣ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። መጠኗን ሲጠይቁኝ መዳፌን ዘረጋሁላቸው። ሸረሪቷን ገና አላየኋትም ነበር።

ስመለስ ትርፌ በረንዳው ላይ፣ ከቀፎዎቿ ሥር ቆማ ጠበቀችኝ። ስለ እነዚህ ቀፎዎች ሳልነግራችሁ ብቀጥል የሚሆነው አይገባችሁም። ትርፌ ንብ አርቢ ናት፤ እናቷም አያቷም እንዲሁ። ግድግዳችን ዙሪያውን በቀፎ የተሸፈነበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ያ ክፉ ድርቅ መጣ፤ አበባ ጠፋ፤ ቀፎው ሁሉ አንድ በአንድ ባዶውን ቀረ። ሁለቱ ብቻ ተረፉ። እነዚያን ሁለቱን በሽሮ ዱቄትና በስኳር ውኃ እያባበለች፣ እየተቆጣች፣ እየመከረች አሻግራቸዋለች። እኔን እንደዚያ ብታባብለኝ ዛሬ ጥርሴ ሙሉ ነበር።

«ንቦቼን ልትፈጅ ነው?» አለችኝ፣ ድምጿን ሳትጨምር።

«መድኃኒቱ የሚረጨው ቤት ውስጥ ነው።»

«ንቦቹስ ያሉት የት መሰለህ? ማዶ ወረዳ፣ ጽጽቃ?» መኝታ ቤታችንን ከበረንዳው የሚለየውን መስኮት አሳየችኝ፤ አንደኛው ቀፎ ከመስኮቱ ክንድ አይርቅም። «ሽታው ብቻ ይበቃቸዋል።»

«ቀፎዎቹን ለጊዜው ጎረቤት እናስጠጋቸዋ።»

«አበባ ላይ ናቸው። ቀፎው ቢሄድ ንቡ ወደ ለመደው ግድግዳ ነው የሚመለሰው። ይህን ሳታውቅ ነው ከእኔ ጋር ይህን ሁሉ ዘመን የኖርከው?» ቀጥላ በእናቷ ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ አንድ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። የእኔ ኽምጥኛ የሚያገለግለኝ ስሰደብ ለማወቅ ያህል ነው፤ በደንብ ዐወቅሁ።

ቃሌን ማጠፍ እችል ነበር። ግን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ሽማግሌ ደግሞ ቃሉን አያጥፍም፤ ይልቅ የሚስቱን ንብ ይፈጃል። እንዲህ ያለ ክብር ነበረኝ።

«ጥፋተኛዋ አንዲት ከሆነች እሷን ያዛት» አለች ትርፌ። «ለአንድ ጥፋተኛ ቤቱ ሁሉ ለምን ይቀጣል?»

መልስ ያጣ ሽማግሌ ሥራ ይጀምራል፤ ፍለጋ ገባሁ። ከጓሮ ያለችውን ክፍል ከእኛ የተከራየችው መምህርት ሰላማዊት ከትምህርት ቤት ተመልሳ ነበርና አብራኝ ፈለገች። ከጎጃም ተመድባ የመጣች የባዮሎጂ መምህርት ናት። አልጋውን ጎተትን፣ ሣጥን አነሣን። ሸረሪቷን ያገኘናት ግን ከትራሴ በላይ፣ ነጩ ግድግዳ ላይ፣ በግላጭ ተቀምጣ ነው። መምህርቷ የሻይ ብርጭቆ ደፋችባትና ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ የቀደደችውን ካርቶን ከሥር አሾለከችው። እኔ በዚያን ጊዜ አልጋው ማዶ ሆኜ «ተጠንቀቂ!» የማለቱን ሥራ ሠራሁ።

ለእስረኛዋ ማረፊያ ለመለመን መንገዱን ተሻግሬ ሐጂ እንድሪስ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂና እኔ ከልጅነት ጀምሮ እየተሰዳደብን ያረጀን ወዳጆች ነን። ከረሜላ የሚያስቀምጥበት አፈ ሰፊ ጠርሙስ ባዶውን ቆሟል።

«አውሰኝ» አልኩት።

«ለምን?»

«ሸረሪት ላስርበት።»

ሐጂ አንገቴን አየ፤ ጠርሙሱን አየ። «ወላሂ ለአንተ ያለ ዋስ አልሰጥም።»

ትርፌ ከግቢያችን በር ሆና ትሰማለች። «ዋሱ እኔ ነኝ፣ ሐጂ፤ ስጠው!»

ሐጂ ጠርሙሱን ይዞ ራሱ መጣ፤ ሱቁን እስከመዝጋት ያደረሰው የእኔ መከራ ነው፤ ደስታው ፊቱ ላይ ያበራል። ሸረሪቷ ወደ ጠርሙሱ ስትገለበጥ መነጽሩን አውጥቶ አደረገና አጎነበሰ።

«የታለች?»

«ያቻት።»

«የታለች?»

«ያቻት ከታች፣ ከጥጉ።»

ረጅም ጊዜ አያት። «ይህቺ የምስር ክክ ናት መዳፍ የምታህለው?»

በአገራችን ወግ ማንም ተከሳሽ ያለ ዋስ አይቆምም። ሽምግልና ስንቀመጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ዋስህ ማነው?» ነው፤ አንድ ሰው ተነሥቶ «እኔ» ካላለ ነገሩ አይታይም። ሐጂ ይህን ወግ አንሥቶ «ተከሳሿስ ዋስ አላት?» ሲል ቀልዱን ነበር። ትርፌ ግን አልቀለደችም። ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እኔ ነኝ። እስከ ቅዳሜ ረፋድ ከጠርሙሱ አትወጣም፤ ብትወጣ እኔን ጠይቁ። ከሳሽ ጥፋቷን ካሳየኝ ደሳለኝ ይግባ፣ ንቦቼም የመጣባቸውን ይቀበሉ። ካላሳየኝ ግን ያ በርሜል ይህን ደጃፍ አይረግጥም።»

«ይሁን» አልኩ። ምን አስፈራኝ? አንገቴ ምስክር፣ እኔ ከሳሽ፣ እኔ ዳኛ።

መምህርቷ በስልኳ እያጎላች ሸረሪቷን አሳየችን። እናንተዬ፣ እንዲህ ያለ ፍጥረት አይቼ አላውቅም። ጠጉራም ናት፣ ግራጫ፣ በነጭ የተዥጎረጎረች፣ አጭር እግር። ዓይኗ ስምንት ነው፤ ከፊት ያሉት ሁለቱ እንደ መኪና መብራት ያፈጥጣሉ። ጣቴን ወደ ግራ ሳንቀሳቅስ ወደ ግራ ዞረች፤ ወደ ቀኝ ስል ወደ ቀኝ።

«እያየችዎት ነው፣ ጋሼ» አለች ሰላማዊት። «ይህቺ ድር ዘርግታ ከምትጠብቀው ወገን አይደለችም። እየዘለለች የምታድን ናት።»

«መርዟስ?»

«ለዝንብ ነው። ለእርስዎ አይደርስም።»

«ሽንቷስ?»

ስልኳን ዝቅ አደረገች። «ስለ ሽንቷ የተማርኩት ነገር የለም።»

«አየሽ፤ አታውቂም» አልኩ፣ እንደ ረታ ሰው።

«አላውቅም፣ ጋሼ። እርስዎ እንዴት ዐወቁ?»

«ሁሉም ያውቃል።»

«ሲሆን ያየ አለ?»

ሐጂን አየሁት። ሐጂ ጢሙን አሻሸ። «እኔ መስማት ነው የሰማሁት። እናቴ ትል ነበር። የእሷም እናት ሳትል አትቀርም።» ትርፌ ጠርሙሱን አንሥታ ክዳኑን በወረንጦ ትበሳሳው ጀመር፣ ዋስ የሆነችለት እስረኛ እንዳይታፈን።

ያን ቀን ማምሻውን ሌላ ቅጣት ተጨመረብኝ፤ ትርፌ «የታሰረ ይቀለባል፤ የሚቀልበው ከሳሹ ነው» አለች። ከነሕይወቱ ዝንብ መያዝ ነበረብኝ። ሰቆጣ ላይ ዝንብ ጠፋ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ሌላ ቀን ከአፌ ጉርሻ የሚቀማኝ ዝንብ፣ ያን ዕለት ብርጭቆ ይዤ ሲያየኝ ጊዜ አገር ለቀቀ። ከሥጋ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ አየሩን በብርጭቆ ስቀዝፍ አላፊ አግዳሚው በአክብሮት ሰላም ብሎኝ አለፈ፤ ሲያልፍ ግን ይስቃል። በመጨረሻ አንድ ሰነፍ ዝንብ አገኘሁ።

ጠርሙሱ ውስጥ ስለቀው ሸረሪቷ ዞረች። ቀስ ብላ፣ ሆዷን ከመሬት አስጠግታ፣ እየቆመች እየተራመደች ቀረበችው። ቆመች። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ አላየኋትም፤ እዚህ ነበረች፣ እዚያ ዝንቡ ጀርባ ላይ ሆነች። ሽምግልና ላይ ስቸኩል እንዴት እንደነበርኩ ትዝ አለኝ፤ ልዩነታችን ይህቺ ከመዝለሏ በፊት አይታ መሆኑ ነው።

ዓርብ ሐጂ ከጁምዓ ሲመለስ በረንዳው ላይ ተሰበሰብን። ሐሳቡን ያመጣችው ትርፌ ናት። «የምትሸና ከሆነ ትሽናብህና እንየው።»

መፍራቴን አልደብቃችሁም። ሐጂም አልደበቀልኝም። «ምነው ፊትህ ገረጣ? ፍርዱ ተሰጥቶ የለም እንዴ?»

ግራ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ እንደ ደም ለጋሽ አጋደምኩ። ሰላማዊት ሸረሪቷን ወደ ሻይ ብርጭቆው መልሳ ክንዴ ላይ ደፋችልኝ። ቀዝቃዛና ቀላል ስምንት እግር ቆዳዬ ላይ ሲሄድ ተሰማኝ። ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ወደ ላይ ቀና ብላ ታየኛለች። እኔም አያታለሁ። አፍንጫዬ በላኝ፤ እንዳላከው ክንዴ ይነቃነቃል። ሐጂ በዚያ መካከል ሻይ አስመጥቶ ይጠጣል፣ አልፎ አልፎም «ሸናች?» እያለ የመምህርቷን ሳቅ ይፈትናል። ንቦቹ ከራሳችን በላይ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ እግራቸው በአደይ ዱቄት ቢጫ ሆኗል።

ጥላው ከደጃፉ ወደ አጥሩ ሲዞር ሰላማዊት ድንገት አጎነበሰች። «ጋሼ፣ እንዳይነቃነቁ።»

ክንዴ ላይ ኖራ የመሰለች አንዲት ነጭ ነጥብ አርፋለች።

«ይኸው!» አልኩ። ተሸናብኝ ብሎ የፈነጠዘ ሰው ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ሐጂ ሻዩን አስቀመጠ። መምህርቷ ከቦርሳዋ የእርማት ቀይ እስክሪብቶዋን አወጣችና ነጥቧን ከበበቻት፤ ነገ እንድናየው። እኔ ወደ ትርፌ ዞርኩ፣ ልኮራባት። እሷ ግን እኔን አታይም። ፊቷን ወደ ቀፎዎቹ አዙራ ቆማለች፤ አንዲት ንብ አውራ ጣቷ ላይ አርፋ እንድትነሣ ትጠብቃታለች። ድሌ ያኔውኑ ጣዕሙ ጠፋ። ግን አፌን ልክፈተው? አልከፈትኩም። ሽማግሌ ነኝ።

አመሻሽ ላይ፣ እንደ ልማዴ፣ ሬድዮዬን ይዤ በረንዳው አምፖል ሥር ተቀመጥኩ። አንገቴ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። እጄን ስሰነዝር ትርፌ አየር ላይ ያዘችው።

«ረቡዕ ማታም እንዲህ ነው ያደረግኸው» አለች፤ ከመያዟ ጋር ትዝ ያላት ይመስላል። «እዚሁ ወንበር ላይ። ጠፈጠፍከውና ቁልቁል ፈገፈግከው። ‹ትንኝ ነው› አልክ።»

በስንጥር ከአንገቴ አነሣችው። ትንኝ አይደለም። ቀጠን ያለ፣ ጉንዳን መሳይ፣ ቀይና ጥቁር እየተፈራረቀበት የተሰፋ የመሰለ ተባይ ነው። ቀና ስንል አምፖሉ ዙሪያ ግድግዳው ላይ ብዙ ወገኖቹ ይርመሰመሳሉ። ሰላማዊትን ጠራናት፤ አይታ «ይህን አላውቀውም» አለች። ትርፌ ግን እኔን ነው የምታየው፤ አንገቴን፣ ከላይ ወደ ታች የወረደውን መስመር፣ ልክ የጣት ፍግፈጋ።

ዝም ብል ምን ነበረበት? እኔ ግን «ይህ ጉንዳን ምን አቅም አለው? ይኸው!» ብዬ ቀኝ ክንዴ ላይ አስቀመጥኩትና በአውራ ጣቴ ጨፍልቄ፣ ትርፌን ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ እስከ ክርኔ ፈገፈግኩት። መሳሳቷን ላሳያት ነው። ትርፌ አምፖሉን አጠፋችና ገባች።

ቅዳሜ ስነቃ ግራ ክንዴ የሕፃን ገላ ነው። ቀኙ ግን ትኩስ ምጣድ። ኮቴን ደርቤ፣ እጅጌውን እስከ ጣቴ ጎትቼ ወጣሁ። ደሳለኝ በርሜሉን አዝሎ ከበሩ ቆሟል። ከኋላው ጎረቤቱ ሁሉ አለ፤ መዳፍ የምታህለዋን ሸረሪት ሊያይ የመጣ፣ እኔው በወሬዬ የጠራሁት ጎረቤት። ትርፌ መኝታ ቤቱ ደፍ ላይ ጠርሙሱን ታቅፋ ቆማለች። ሐጂ ዱላውን ተደግፎ መካከል ገባ።

«ከሳሽ፣ እጅህን አሳይ።»

ግራዬን ሰበሰብኩ። ቀዩ ክብ አለ፤ ክቡ ውስጥ ምንም የለም። ሐጂ በጣቱ ዳሰሰውና «ንጹሕ» አለ። «ሌላውን።»

«ሌላው ከዚህ ክስ ጋር አይገናኝም።»

«ሌላውን፣ ንጉሤ።»

ኮቱን ላወልቅ ስል ፊቴን አጨፈገግኩ፤ ሁሉም አየ። ከእጅ አንጓዬ እስከ ክርኔ ቀይ መስመር ወርዷል፤ ጫፉ ላይ አረፋው ገና ማቆር ጀምሯል። አንገቴን ከጎኑ አደረጉት፤ መንትያ።

ደሳለኝ በርሜሉን ትከሻው ላይ አስተካከለ። «ታዲያ አያ ንጉሤ፣ ምኑን ልርጨው?»

«እሱን ራሱን» አለ ሐጂ።

ሰፈሩ ያን ሳቅ ይኸው እስከ ዛሬ አልጨረሰውም። ደሳለኝ ግን የሥራ ሰው ነውና «ይሄኛውን ተባይስ?» ብሎ ጠየቀ። ትርፌ ግድግዳውን ሳታይ የበረንዳውን ማብሪያ አሳየችው። «የዚህ መድኃኒቱ እሱ ነው፤ ማጥፋት።»

ወጉ ይፈጸም አሉ። ከሳሽ ሲረታ ተነሥቶ፣ በሰው ፊት የተከሳሹን ዋስ ከኃላፊነት ማውረድ አለበት። ተነሣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ለምስር ክክ ባርኔጣዬን አወለቅኩ። «በሰማሁት ከሰስኩ፤ ባየሁት ተረታሁ። ዋሷን አውርጃለሁ» አልኩ። ትርፌ የጠርሙሱን ክዳን ከፍታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ሁላችንም ስትሄድ ለማየት ጠበቅን። እሷ ግን እስከ አፉ ወጣች፣ በስምንት ዓይኗ ሰፈሩን አየችና ተመልሳ ገባች። አልፈርድባትም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ትሉኛላችሁ። እኔ ተለወጥኩ፤ ሰፈሩ አልተለወጠም። ዛሬም አረፋ የወጣበት ሁሉ «ሸረሪት ሸናብኝ» ይላል፤ ክንዴን ሳሳየው «የአንተ ሌላ ነው» ይለኛል። ሽምግልና ስጠራ «ያየ አለ? ወይስ እንደ ሐጂ እናት ነው?» እያልኩ እጠይቃለሁ። ስለዚህ ለምሳ አናደርስም፤ አንዳንዴ ለእራትም። ሰውም መጥራቱን ቀንሶልኛል፤ ጥያቄ ያበዛል ብለውኛል። የሚፈልጉት ፍርድ ነበር፤ እኔ ምርመራ ይዤባቸው መጣሁ። እናንተም ብትሆኑ ጎረቤታችሁን ከመጨፍለቃችሁ በፊት አምፖሉ ሥር ማን እንዳለ እዩ። ምክሬን ካልፈለጋችሁት ደግሞ ፌጦና ሎሚ አለ።

ንቦቹ ደህና ናቸው። ትርፌ በኅዳር ስትቆርጥ ነጩን ማር ለጎረቤት ሁሉ አዳረሰች፤ ለእኔ ያደረሰችኝ በመጨረሻ ነው፣ በዝንብ ልክ።

የቀረኝ አንድ ዕዳ የሐጂ ጠርሙስ ነው። ሸረሪቷ ጥጉ ላይ ነጭ የሐር አልጋ ሠርታ ተኝታበታለች፤ ሰላማዊት አጉልታ ስታየው እንቁላል አቅፋለች። ዒድ ሲቃረብ ሐጂ መጣ። «ልጆች ከረሜላ ሊጠይቁኝ ነው። ጠርሙሴን።»

«ተይዟል» አልኩት።

«እንግዲያው ዋሷን እጠይቃለሁ» ብሎ ወደ ትርፌ ዞረ።

ትርፌ ጠርሙሱን ሳትነካ አየችው። «እኔ ዋስ የሆንኩት ለአንዲት ነበር፣ ሐጂ። አሁን ውስጥ ያሉት ስንት እንደሆኑ እንጃ። ላስወጣቸው ካልክ ለእያንዳንዳቸው ዋስ አምጣ።»

ሐጂ አጎንብሶ እንቁላሎቹን አያቸው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ከረሜላውን ይኸው እስከ ዛሬ በፌስታል ይሸጣል፤ በሩ ላይ ባለፍኩ ቁጥርም ፌስታሉን ከፍ አድርጎ ያሳየኛል።